የአርባ ሁለት ቀን ቁራሽ

የዓሣ ጭንቅላት ከበቆሎ ዱቄት ጋር ሲቀቀል የሚያወጣውን ሽታ የማያውቅ ሰው የሐዋሳ ልጅ ነኝ አይበለኝ። መጀመሪያ ሐይቅ ሐይቅ ይላል፤ ቆይቶ ዱቄቱ ከድስቱ ሥር መያዝ ሲጀምር ማረር ይቀላቀልበታል፤ ልብስ ላይ ካረፈ ደግሞ በሳሙናም አይለቅም። ባለፈው ሳምንት ይኸው ሽታ ከጎረቤቴ ጓሮ ተነስቶ በመስኮቴ ሲገባ ለቡችላዬ ምግቡን ልሰጠው ባዶ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። ለጎረቤቴ ውሻ ሽታው የምሥራች ነው። እኔ ግን መስኮቱን ዘጋሁ፣ ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሽታ የእትዬ አሰለፈች ሽታ ነው። እሳቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም የራሴን ደመወዝ የምበላ፣ በራሴ ቁልፍ በር የምከፍት ሴት ሆኛለሁ። ሽታው ሲመጣ ግን አሥር ዓመቴ ነው፤ እጄም ላይ ዳቦ የሞላ ፌስታል አለ።

እትዬ አሰለፈች ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ስንኖር አከራያችን ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ በአንድ መስመር የተደረደሩ አምስት ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧና አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ነበር። እናቴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ትሠራ ነበር፤ እኔና እሷ የመጨረሻዋን ክፍል፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችውን ተከራይተን እንኖር ነበር። እትዬ አሰለፈች ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃን ሲመዝኑ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት ናቸው። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሲስቁ ጥርሳቸው የማይታይ ሴት ነበሩ። ጤና ጣቢያው አዲስ ሚዛን ሲመጣለት የተጣለውን አሮጌውን ለምነው ወስደውታል፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ ሆኖ፣ ከሥሩ መንጠቆ ያለው፣ የሚንጠለጠል ሚዛን። መስታወቱ ቢጫ ሆኗል እንጂ ቀስቱ ደህና ይሠራል።

ቅዳሜ ጠዋት የጤና ጣቢያ ነጭ ጋዋናቸውን ይለብሱና ሚዛኑን አቮካዶው ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላሉ። ጤና ጣቢያ ሕፃናቱ የሚገቡበት እንደ ሱሪ ያለ ጨርቅ አለ አይደል፤ እሳቸውም ከዱቄት ጆንያ አራት ቀዳዳ ያለው ሰፍተው ውሻቸውን ቡቺን እዚያ ውስጥ ያስገቡታል። ቡቺ አራቱን እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ እንደተቆጣ ሽማግሌ ዞር ብሎ ያየናል። ድመቶቻቸው በዘንቢል ነበር የሚመዘኑት። የተከራይ ልጆች ተሰልፈን ስናይ መሳቅ ክልክል ነው፤ የሳቀ ከግቢ ወጥቶ እንዲቆም ይደረጋል። ቁጥሩን በአሮጌ የግድግዳ ካሌንደር ጀርባ በቢክ እስክሪብቶ ይጽፉና ወረቀቱን ወጥ ቤታቸው ውስጥ ይሰቅሉታል። እዚያ ደግሞ የተከራይ ልጅ እግሩን አያስገባም።

ከዚያ የሳምንቱ ምግብ ይወሰናል። መስፈሪያቸው የቲማቲም ጣሳ ነበረች፤ ውስጧን በሚስማር ጭረው ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ ብለው ከፋፍለዋታል። ዳንጊሶ የሚባል ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚበልት ሰው በየማለዳው ብስክሌቱ ላይ በባልዲ ጭንቅላትና አከርካሪ ያመጣላቸዋል፤ ከዱቄት ጋር ቀቅለው፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ጣሳዋን ሞልተው አፏን በቢላ ጀርባ ይልጓታል። የተረፈችው ፍርፋሪ እንኳ ወደ ድስቱ ትመለሳለች። ለሚያድግ ቡችላ በክብደቱ ልክ ከትልቁ እጥፍ፣ ግን በቀን አራት ጊዜ ተከፋፍሎ፤ ለምታጠባ ድመት እጥፍ፤ ለሚያረጅና ለሚተኛ ቅናሽ። የጎድን አጥንቱን በጣታቸው ይዳስሱና «ሲዳሰስ መገኘት አለበት፤ ሲታይ ግን መታየት የለበትም» ይላሉ። አንዷ ተከራይ ውሻው እኮ ዓይኑ ያሳዝናል ብትላቸው፣ «ዓይን ያዝናል፤ ሚዛን አያዝንም» ብለው ዘጓት።

ክፉ ሴት ነበሩ። ይህን ስል ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ግን ነበሩ። አንዴ ድመታቸው አምስት ወለደች። እናቲቱን መዘኗት፤ ከስታለች። ግልገሎቹን አንድ በአንድ ዘንቢሉ ውስጥ ቢያደርጓቸው ቀስቱ አልነቃነቅም ስላለ በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ መዘኗቸው። «ለአምስት የሚሆን ወተት የላትም፤ ለሁለት ይበቃል» አሉ። ሁለቱን ከባዶች ካርቶኑ ውስጥ መለሱ፤ ሦስቱን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ከተው ክዳኑን ገጠሙና ላዩ ላይ ተቀመጡ። እዚያው ተቀምጠውም የምሳቸውን ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር የሚያለቅሱ መስሎኝ ትንሽ አዘንኩላቸው፤ ሽንኩርቱ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። እውነት ለመናገር የተረፉት ሁለቱ እንዴት አምረው አደጉ መሰላችሁ። እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ እትዬ አሰለፈች ብዙ ጊዜ ልክ ነበሩ።

ቡቺ ግን የእኔ ነበር። በስም የእሳቸው ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን በር ላይ የሚጠብቀው እኔን ነው። ቡኒ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ ዳቦ ከእጄ ሲቀበል ጥርሱን የማያስነካኝ ውሻ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ቡቺ ግን ጠግቦ በማያውቅበት ግቢ እንዲያ ሲጮህ ምን ውለታ ቆጥሮ እንደሆነ አላውቅም። ሳህኑን ልሶ ልሶ፣ ሳህኑ ከግድግዳው ጥግ ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ቀና ብሎ ያየኛል። እናቴ ከምግብ ቤቱ የተረፈ ዳቦ በፌስታል ታመጣ ነበር። አንድ ቀን ግማሹን ሽንት ቤቱ ጀርባ ወስጄ ሰጠሁት። በማግስቱም እንዲሁ።

ቅዳሜ ሲመዘን ጨምሮ ተገኘ። እትዬ አሰለፈች ቀስቱን ሁለቴ አዩና «ይሄ ውሻ አየር እየበላ ይወፍራል» ብለው ከሙሉ ጣሳ ወደ ሦስት ሩብ አወረዱት። እኔም ተናደድኩና ከግማሽ ዳቦ ወደ አንድ ዳቦ ወጣሁ። በሌላው ቅዳሜ አሁንም ጨመረ፤ እሳቸው ወደ ግማሽ ጣሳ ወረዱ። እኔ አንድ ተኩል አደረግኩት። እንዲህ እያልን ወራት ገመድ ጉተታ ተጫወትን፤ ገመዱ የቡቺ ሆድ ነው። እሳቸው የጠዋቱን ምግብ ጨርሰው ቆርጠው በቀን አንዴ ሩብ ጣሳ ላይ ሲደርሱ፣ ቡቺ ግን ፀጉሩ እያብረቀረቀ ሲሮጥ ሳይ አሸነፍኳቸው እያልኩ ልቤ ይሞቅ ነበር። ሳይታወቀኝ ውሻው በልቶ የሚያድረው ከእኔ እጅ ሆኗል።

እናቴ ስትደርስብኝ አልመታችኝም፤ ፈራች እንጂ። «ቲጂ፣ ሰው ቤት ነው ያለነው» አለችኝ፤ ትዕግሥት የሚለውን ስሜን አሳጥራ ነው። «የእሳቸው ውሻ ነው። ሲፈልጉ ያጥግቡት፣ ሲፈልጉ ያስርቡት። ነገሩን ቢያውቁ ዕቃችንን መንገድ ላይ ነው የምናገኘው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። ዳቦውን ግን አልተውኩም።

በሐምሌ መጀመሪያ ዲላ ያለችው አክስቴ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ስለነበር እናቴ ልታርሳት ስትነሳ እኔንም ይዛኝ ልትሄድ ሆነ። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ተባለ። የሄድን ዕለት ጠዋት እትዬ አሰለፈች ጣሳቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። ቡቺ ከኋላቸው ተቀምጦ ጭራውን መሬት ላይ ይጠርጋል። እናቴን በደህና ግቡ ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዝቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር አለ?»

የእናቴ እጅ የእኔን እጅ ጭምቅ አደረገው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ፣ ቡቺ በቀን አንድ ዳቦ ተኩል ከእኔ ይበላል፣ እስክመለስ እርስዎ ይጨምሩለት፤ ይኸው ነው፣ ከዚህ አይበልጥም።

«የለም፣ እትዬ» አልኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ራሴን ያጽናናሁት በሚዛኑ ነው። ቅዳሜ ይመዘናል፤ ቀንሶ ያገኙታል፤ ሲቀንስ ይጨምሩለታል። ሲጨምር ቀንሰውበት የለም እንዴ? ሕጋቸው ነው። ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ከማምነው ይልቅ በዚያ ሚዛን አምን ነበር።

ዲላ ደርሰን አክስቴ ታመመች፤ ሁለቱ ሳምንት ስድስት ሆነ። እኔ በየጠዋቱ ከቁርሴ ዳቦ አንድ ወፍራም ቁራሽ አስቀርቼ መስኮቱ ላይ አደርቅና ፌስታል ውስጥ እከታለሁ። የቡቺ ድርሻ ነው። አንድም ቀን አላጎደልኩም። የአክስቴ ባል ሲያሾፍብኝ «ይቺ ልጅ ስንቅ የምትቋጥረው ለጦርነት ነው?» ይል ነበር። እኔ ግን ሒሳቤን ጠንቅቄ ይዣለሁ፤ ስንመለስ ፌስታሉ ውስጥ አርባ ሁለት ቁራሽ ነበር።

የተመለስነው ቅዳሜ ነው፤ ነሐሴ፣ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሲያካፋ። ከመናኸሪያ በጋሪ መጣን፤ ፈረሱ ጭቃውን እየረጨ ቀሚሴን አበላሸው። ሰፈራችን ስንገባ ጆሮዬን ቀስሬ የቡቺን ጩኸት ጠበቅኩ። አልጮኸም። እናቴ ዕቃ ስታወርድ ትቻት በሩን ገፍቼ ሮጥኩ።

አቮካዶው ሥር ተኝቷል። መጀመሪያ ሌላ ውሻ መሰለኝ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ወገቡ በሁለት እጅ የሚጨበጥ ሆኗል፤ የታጠፈችው ጆሮው ብቻ ናት እንዳለች ያለችው። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረና እግሩ ከዳው። ጭራውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። በላዩ ላይ፣ ከቅርንጫፉ፣ ሚዛኑ ዝናብ እየመታው ተንጠልጥሏል።

አርባ ሁለቱንም ቁራሽ ፊቱ ዘረገፍኩት። አርባ ሁለት ቀን ያለ እኔ አድሯል፤ የአርባ ሁለት ቀን ድርሻው ይኸው። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም።

እትዬ አሰለፈች በነጭ ጋዋናቸው ከወጥ ቤት ወጡ። «ተይ!» አሉ። «የተራበ ሆድ በአንዴ አይሞላም፤ ይገድለዋል። በማንኪያ ነው የሚጀመረው። ዛሬ በየሰዓቱ ሁለት ማንኪያ አጥሚት፣ ነገ ሦስት። አንሺው ያን ዳቦ!»

«እርስዎ ነዎት ያስራቡት!» ብዬ ጮህኩባቸው። በዚያ ግቢ ውስጥ እሳቸው ላይ የጮኸ ሰው አይቼ አላውቅም። ዳቦው ላይ በሁለት ክንዴ አጠርኩ፤ ቡቺ በክንዶቼ መሃል አንገቱን አስገብቶ ይውጣል፤ አያኝክም፣ ይውጣል። እትዬ አሰለፈች የሚናገሩት አንድ ጊዜ ነው። እጃቸውን ጋዋናው ኪስ ከተው እስኪጨርስ ቆመው አዩት። ሲጨርስ ጠማው መሰለኝ፤ ከጣሪያ የወረደ ዝናብ ያጠራቀመውን ባልዲ አቀረብኩለት፣ ጠጣ ጠጣና እጄን ላሰኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰትኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ደረቁ ዳቦ ውሃውን ጠጥቶ ሆዱ ውስጥ ማበጥ ጀመረ። ከምሳ በኋላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሊያስመልሰው እየፈለገ አቃተው፤ ይቆማል፣ ይወድቃል፣ ወደ ሆዱ ዞሮ ያያል፤ ማን እንደነካው ያልገባው ይመስል። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ደጃፋችን ላይ ቆማለች። እኔ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ «ቡቺ፣ ቡቺዬ» እላለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ያኔ ነው እትዬ አሰለፈች ክንዴን ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥ ቤታቸው ያስገቡኝ። የካሌንደሩን ወረቀት ከግድግዳ አወረዱና ጣታቸውን እያስኬዱ አስነበቡኝ። ቀን፤ ክብደት፤ ጣሳ። ከጣሳው ቀጥሎ አራተኛ ረድፍ አለ፤ ከላዩ በዚያ በተስተካከለ የጤና ጣቢያ ጽሕፈታቸው «ከልጅቷ» ይላል። ግማሽ ዳቦ። ግማሽ ዳቦ። አንድ ዳቦ። አንድ ተኩል። ከሐምሌ ወዲህ ስድስት ዜሮ ወደ ታች ተደርድሯል፤ ከጎኑ ክብደቱ በየቅዳሜው ይወርዳል፤ ጣሳው ግን ያው ሩብ ነው።

«ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። አንቺ ስትጨምሪ እኔ ቀነስኩ፤ ልክ ነበር፣ ውሻው ደህና ነበር።»

«ታዲያ ሲከሳ ሲያዩ ለምን አልጨመሩለትም?»

«በር ላይ ጠየቅኩሽ። የለም አልሽኝ። የሚያበላውን የደበቀ ሰው ሲሄድ ምን እንደሚቀር ይወቅ ብዬ ነው።» ወረቀቱን አጠፉት። «ያስራብኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የገደልሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ለአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ይባላል? ይባላል፤ እሳቸው ብለዋል። ስንት ጊዜ መልስ አዘጋጅቼላቸዋለሁ፤ በአውቶቡስ፣ በክፍል ውስጥ፣ ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሕፃን ልጅ ለመቅጣት የውሻ ነፍስ ይከፈላል? ትክክለኛ መልስ ነው። ግን የዳቦው ቁጥር ከፊቴ ሲመጣ መልሴ ያልቅብኛል።

በማግስቱ ማለዳ ዳንጊሶ የዓሣ ጭንቅላት ሊያደርስ ሲመጣ ቡቺን ይዞ እንዲሄድ ተነገረው። በዚያው የሚዛን ጆንያ ጠቀለለው፤ በዚህ ጊዜ እግሮቹን በቀዳዳዎቹ ያስገባለት የለም። ብስክሌቱ ላይ ሲያስረው አጠገቡ ቆሜ ሳለቅስ አይቶኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ሦስቴ ነገርኳቸው፣ የኔ እህት። ውሻ በወረቀት አይጠግብም እኮ እትዬ፣ አንድ ጭንቅላት ልጨምርለት፣ አልኩ። እሳቸው ምን አሉ? የሚመለከታት ትምጣ አሉ።» ወደ ሐይቁ በኩል ይዞት ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ድመቶቹ እንደ ወትሮው ተመዘኑ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ቡችላ መጣ፤ እትዬ አሰለፈችም ጣሳዋን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሽ» አሉ። እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። እየጠላኋቸው መዘንኩ፣ እየጠላኋቸው የጣሳዋን አፍ ላግኩ። ሰፈሩን ለቅቀን እስክንወጣ ስድስት ዓመት ያንን ውሻ በቀን ሁለቴ መገብኩት፤ አንድም ቀን አልታመመም። ስም ግን አላወጣሁለትም፤ ሌሎቹ ልጆች ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ሄድኩ። ዘመዶቻቸው ዕቃ እየተከፋፈሉ ነበር፤ ለመታሰቢያ አንድ ነገር ውሰጂ ሲሉኝ ሚዛኑን የምፈልግ መስሏቸው ነበር። እኔ የወሰድኩት ጣሳዋን ነው። አሁን ያሉት የእንስሳት ሐኪሞች ቡችላ ስትወስጂ በግራም የተጻፈበት የላስቲክ ኩባያ ይሰጣሉ፤ የእኔው ሳይከፈት መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ባለፈው ሳምንት፣ ሽታው ካለፈ በኋላ፣ ከአልጋዬ ጫፍ ተነስቼ ጣሳዋን እስከ ሁለተኛዋ ጭረት ሞላሁ። አፏን በጣቴ ልጌ ትርፉን ወደ ምግቡ ከረጢት መለስኩ። ቡችላዬ በላ፤ ሳህኑን እየላሰ ከግድግዳው ጥግ አደረሰው። ጎኑን ዳሰስኩት፤ አጥንቱ ይገኛል፣ አይታይም። ቀና ብሎ ሊያየኝ ሲል ጀርባዬን ሰጥቼው ጣሳዋን ማጠብ ጀመርኩ።